የደበቅነው ባልዲ

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩህ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ያልከኝ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋ መነጽር አደረገች ብለኸኝ ነበር፣ ለመደችው? የትንሿስ ጥርስ በቀለ? እኔ ከሳሙናው ብዛት እጄ ተሰነጣጠቀ እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለኝም። እናታችንም አለች። «አለች» ያልኩህ አስቤበት ነው። «ደህና ናት» ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

በስልክ ስለ ቀን ቤቱ በጠየቅከኝ ቁጥር «ደህና ነው» ስልህ የከረምኩት ውሸቴን ነው፣ ይቅር በለኝ። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ እንዴት ልንገርህ? በደብዳቤ ይሻላል፤ ቢያንስ ስነፋረቅ አትሰማኝም።

ቀን ቤቱን አንተ የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። የድሮ የእንጨት መጋዘን ነበር። ባለቤቱ «ባዶውን ከሚቆም ተጠቀሙበት» ብሎ ሰጠን፤ እኛ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን የሰፈር አረጋውያን ሰብስበን በተራ እንጠብቅ ጀመር። ዘጠኝ ነበሩ። አለቃችን ጡረተኛዋ አዋላጅ ናት፣ ግማሹን ሰፈር በእጇ ያወጣችው። እኔ ከምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አርጅቶ የተጣለ ሠላሳ ፎጣ አመጣለሁ፤ እናታችን ሠላሳውንም እጥፍ አድርጋ ትደረድረዋለች። ዞር ስትል በትኜ እመልስላታለሁ፣ እንደገና ታጥፋለች፤ «ይሄ ቤት ሥራው አያልቅም» እያለች ታማርራለች፣ ደስ ብሏት ግን።

ከዘጠኙ አንዱ መምህር የነበሩ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን ገልጠው ስም ይጠራሉ። መጀመሪያ የሚጠሩት የዛሬ አርባ ዓመት ያስተማሯቸውን ልጆች ነበር፤ ሽማግሌዎቹም በተገኘው ስም «አቤት» ይላሉ። በኋላ አዋላጇ ደብተሩ ላይ የዘጠኙን ስም ጻፈችላቸው። የእኔን ስም የረሳች እናታችን፣ ሰው ሁሉ ፊት የገዛ ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ ቀጥ ብላ ትቀመጥና «አቤት» ትላለች። ይህች አንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ትይዛታለች። ማታ ይዣት ስገባ ሰው ሆና ነው የምትገባው።

ችግሩ ጣሪያው ነበር። በምዕራብ በኩል ቆርቆሮው ተበልቷል፣ ሲዘንብ ባልዲ እናስቀምጣለን። የጤና ተቆጣጣሪ መጣና ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውና መጸዳጃው ካልተጠገነ ቤቱ ለአረጋውያን አይሆንም፣ ይዘጋል አለን። በዚያው ሰሞን አዋላጇ የአካባቢው ምክር ቤት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አየች፤ ለሰፈር ሥራዎች የድጋፍ ገንዘብ እንሰጣለን፣ አመልክቱ ይላል። እሰይ አልን። ለካ ነገሩ እንደ ጽሑፉ አጭር አይደለም። መጀመሪያ ማኅበር ሁኑ ተባልን። መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም፣ ሊቀ መንበር። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ የተማርኩ ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩልህ። ከዚያ አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠን። ምክር ቤቱ መስኮት ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ እንደነገረኝ ገምጋሚዎች ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ አርባው የችግሩ ክብደት ነው፣ ሌላው ለተጠቃሚው ብዛት፣ ለአያያዛችንና እኛ ለምናዋጣው ይከፋፈላል።

ታዲያ ቅጹ «ያለባችሁን ችግር በዝርዝር ግለጹ» ሲል እኔ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? «ጣሪያው ትንሽ ያስቸግራል»። አራት መስመር ባዶ ተረፈ። አዋላጇ አነበበችና «ይበቃል፣ ሰው ችግሩን አያበዛም» አለች። እናታችን ያሳደገችን እንዲያ አይደል? ጎረቤት በልታችኋል ወይ ሲለን ባዶ ሆዳችንን «ጠግበናል» ስንል።

ከዚያ ሐሙስ በአራት ሰዓት ገምጋሚዎች መጥተው ያያሉ የሚል ወረቀት ደረሰን። ወንድሜ፣ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረንም። ግድግዳውን ቀባን፣ ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ተዋስን፣ ከየቤታችን መጋረጃ አወረድን። ቆርቆሮ ሠሪው ቀዳዳውን ለዕለቱ በላስቲክ ወተፈልን። ኮርኒሱ ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ በነጭ አንሶላ ሸፈንኩት፤ ባልዲውን በገዛ እጄ ወስጄ ጓሮ ከማገዶው ሥር ደበቅኩት። «ምላሱ» የምንለው ብስክሌት ጠጋኝ፣ እሱም ለሙያ ማሠልጠኛው ከዚያው ገንዘብ የሚጠይቅ፣ በር ላይ ቆሞ ይስቅብናል። «ሙሽራ ልትቀበሉ ነው እንዴ? ለምክር ቤት ሰው ቤት አይጠረግም። ባልዲውን መሐል አቁሙትና አልቅሱ» አለን። አዋላጇም «አንተ እግር እያለህ የምታነክስ፣ ሂድ ከዚህ» ብላ አባረረችው። እኛም ሳቅንበት።

መጡ። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ አንዲት ወረቀት የያዘች ሴትዮና አንዲት ወጣት ልጅ። ዘጠኙም ያላቸውን ምርጥ ለብሰው ተደርድረዋል። መምህሩ ገምጋሚዎቹን ቀና ብለው አዩና «አርፍዳችኋል፣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ» አሏቸው። ወፍራሙ ሰውዬ እየሳቀ ሄዶ ጥግ ቆመ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ሞላልን ተሳካልን ብለን። ሴትዮዋ መጋረጃውን ዳበሰችና «ንጹሕ ነው፣ ጎሽ» ብላ ጻፈች።

አሁን የምነግርህን ለአዋላጇም አልነገርኳትም። ወጣቷ ልጅ ለብቻዬ አግኝታኝ አንሶላውን ቀና ብላ እያየች «እማማ፣ ዝናብ ሲመጣስ?» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ ታውቃለች መሰለኝ። አፌን የሞላው እውነት ነበር። እናታችን ግን ፎጣዋን ይዛ እያየችኝ ነው፣ ገበናችንን ለባዳ አውጥቼ ልዘረግፍ አፈርኩ። «ምንም አይል ልጄ፣ እንችለዋለን» አልኳት። እሷም አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሄደን ኋላ ወንበር ተቀመጥን። አንድ በአንድ እያነበቡ እጅ እያወጡ ያጸድቃሉ። የእኛ ሲደርስ ለአያያዝ ሙሉ ነጥብ፣ ለችግሩ ክብደት ከአርባው ዘጠኝ ብቻ። «ቤቱ በጥሩ ይዞታ ላይ መሆኑ በዓይን ታይቷል፤ ኃላፊዎቹም ዝናብን መቋቋም እንደሚችሉ ገልጸዋል» ብሎ ሰብሳቢው አነበበው። አዋላጇ ወደ እኔ ዞራ «ማነው የገለጸው?» አለችኝ። እኔም ከሌላው ጋር አብሬ «ማነው?» አልኩ። አየህ፣ እህትህ እንዲህ ሆነች። ገንዘቡ ለምላሱ ወጣ። በነጋታው መጥቶ ያሾፍብናል ስንል አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ የምሬን ነበር የነገርኳችሁ» አለና ሄደ።

ቅሬታ ለማቅረብ አሥር ቀን ይሰጣሉ። መጋረጃውን አውልቀን፣ አንሶላውን አውርደን፣ ባልዲውን መሐል አቁመን ፎቶ አንስተን ወሰድን። የመስኮቱ ጸሐፊ ገምጋሚዎቹ ያነሱትን ፎቶና የእኛን ጎን ለጎን አስቀመጠና «እህቴ፣ የትኛው ነው እውነቱ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሸፈናል፣ ይህ ወጋችን ነው ብዬ ልነግረው ፈለግሁ፤ የትኛው ገጽ ላይ ይጻፋል? «የሚጸናው ገምጋሚዎች ያዩት ነው፣ ለከርሞ አመልክቱ» አለኝ። ከርሞን የሚያየው ማነው ከዘጠኙ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን ቀን ቤቱ በር ላይ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። መምህሩን ምራታቸው ወደ ዘመዶቿ ወሰደቻቸው፤ ደብተራቸው ጠፍቶባቸው ነው አሉ፣ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሌሎቹም በየቤታቸው ገቡ። አዋላጇ ከቤት አትወጣም፤ ልጠይቃት ስሄድ «ጣሪያው ትንሽ ያስቸግራል» ትለኝና ግድግዳ ታያለች። እሷ ራሷን ነው የምትወቅሰው። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

እናታችንን ማክሰኞና ዓርብ ጎረቤት ታይልኛለች። በቀሩት ቀኖች ሥራ ስሄድ ከውጭ እቆልፍባታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ከያዝኩ በኋላ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር፣ አውቶቡሱ እስኪያመልጠኝ። ከሥራ ስመለስ ገና ጓጉንቸሩ ሲንቀጫቀጭ ከውስጥ «አቤት» አለች። ከፈትኩት። ነጠላዋን ለብሳ፣ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ፣ ፎጣዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ይሁን ከመቼ አላውቅም። «ማን ጠራኝ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ እማዬ» ስላት «አይ፣ አንቺን አይደለም የምጠብቀው» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ነው። እኔ ስጠራትማ አትሰማም፤ ልጅ እናቷን በስሟ ስትጠራ ለእሷ ነውር ነው፣ ያን አልረሳችም።

ምከረኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ። አምጪያት እንዳትለኝም፣ ያለህበት አገር የመግቢያ ወረቀት እንደማይፈቅድላት ሁለታችንም እናውቃለን። ብቻ አንድ ሰው እውነቱን ይወቅልኝ ብዬ ነው። ለምክር ቤቱ ያላልኩትን ለአንተ አልኩ፤ አልቻልኩትም፣ ወንድሜ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገርልኝ፣ የላከችልኝ የእጅ ቅባት ደርሶኛል። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አዋላጇ ስላንተ ስትጠይቅ «ያ እግሩን አስቀድሞ የመጣው» ነው የምትልህ፤ ሰላም ብላሃለች። እናታችን ለማን ነው የምትጽፊው ብላኝ ለልጅሽ ስላት «በልቷል?» አለች። በልቷል አልኳት።

መልስ ስትጽፍ ከሰላምታው በፊት፣ ከላይ፣ ስሟን ከነአባቷ በትልቁ ጻፍልኝ። ደብዳቤ የሚያድለውን የፖስታ ቤት ሰውዬ ለምኜዋለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብላታል።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ እየዘነበ