ስለ ተያዘው የላንድሮቨር ባትሪ ለጓድ ሽብሩ

ለተከበሩ ጓድ ሽብሩ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ነቀምቴ

ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ፤ እርስዎ ቢታመሙ የመብራት ቆጣሪዎቻችንን ማን ይሰልልልናል?

እኔ ከገበያው በታች የመኪና ባትሪ ቻርጅ የማደርገው ወልደሩፋኤል ነኝ። ለብቻዎ ያቀረብኩልዎ አቤቱታ ሰሚ ስላጣ ይህን በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ/ ቆጣሪያቸው ፈጥኖ የሚዞር ቤቶች እንዲጠቆሙልዎ በማዘዝዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ማን ልብስ እንደሚተኩስ፣ ማን አምሽቶ እንደሚጸልይ፣ ማን እንግዳ እንዳለበት ሳይጠይቁን ያውቃሉ። ቀድሞ ይህን ለማወቅ ጎረቤት መሆን ያስፈልግ ነበር።

2ኛ/ ባለፈው ሳምንት ኦቦ ገቢሳ ከዲጋ በጭነት መኪና ተሳፍረው የላንድሮቨራቸውን ባትሪ አመጡልኝ። ባለቤታቸው አዴ ዓባይነሽ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ ሐኪሙም ፅንሱ ስለተጋደመ ምጥ ሳይጀምራት ነቀምቴ ሆስፒታል እንድትገባ አዝዟል። ባትሪውን ከመብራቱ ጋር እንዳገናኘሁት ቆጣሪዬ ፈጠነ፤ ጓዶችዎም ከቆጣሪው ባልተናነሰ ፍጥነት ደረሱ።

«ይህን ሁሉ ኃይል ለምን ፈለግኸው? የት ልትሄድ ነው?» አሏቸው።

ኦቦ ገቢሳ አንገታቸውን ደፍተው «ሚስቴን ሐኪም ቤት ላመጣ ነው» አሉ። የሚስታቸውን ገመና በማያውቋቸው ሰዎች ፊት እንዲያስረዱ ተገደዱ፤ አስረዱም። ከዚያ እርስዎ መጥተው «ባትሪ ካለ የሬዲዮ መገናኛ አይጠፋም» አሉና ሁለታችንንም ከባትሪው ጋር ወደ ቀበሌ አስወሰዱን። እንዲህ ያለ ዕውቀት በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ቢገልጹልን ልጆቻችንን ከዚያ በአስቸኳይ እናስወጣለን።

እኛ ታስረን ሳለ አዴ ዓባይነሽን ምጥ ያዛት። ላንድሮቨሩ ያለ ባትሪ ደጃፏ ላይ ቆሟል። ባለመኪኖች ደግሞ «ወዴት? ለምን?» ተብለው እንዳይጠየቁ ፈርተው ሸሿት። ጎረቤቶቿ ቃሬዛ ላይ አድርገው እየተፈራረቁ እስከ ነቀምቴ ተሸከሟት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ኦቦ ገቢሳ ይህን የሰሙት ሲፈቱ ነው። የቀበሌው በር ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አልተነሱም፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

3ኛ/ ባትሪው ለምርመራ እንደተያዘ ተነግሮናል። ምርመራው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የተረዳሁት ትናንት የቀበሌው ፒካፕ እንደ ወትሮው ሳይገፋ ሲነሳ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ስለነበር ባትሪውን አየሁት፤ ክዳኑ ላይ የቀባሁት ቀይ ምልክት አለበት። የሬዲዮ መገናኛው እስኪገኝ ድረስ ከተማውን እየዞሩበት ስለሚመረምሩት ትጋትዎን አደንቃለሁ።

ለሕዝቡ ደኅንነት ስለሚከፍሉት መሥዋዕትነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ አድራሻዬን ቆጣሪዬ ስለሚነግርዎ መጻፉን ትቼ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ወልደሩፋኤል ዘርትሁን

ማሳሰቢያ፦ አዴ ዓባይነሽ መራመድ ስለጀመረች ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች። ባትሪውን አትጠይቅዎትም። ልጁ ወንድ እንደነበረ ልትነግርዎ ብቻ ነው። እባክዎ በጓሮ በር አይውጡ።