ፊሽካ የሚነፋውን ሰው ይላኩልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለቢሮዎ ምንጣፍና በሩ ላይ ለሚቆመው ጥበቃ ሳይቀር ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪዎችዎን ዩኒፎርም የምጠግን ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ የሱሪዎ ቅምቅማት ግን ያውቀኛል። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። እስከ ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ የምታርምልኝ የልጅ ልጄ ነበረች፤ ይህን ግን ስለ እሷ ስለሆነ አላሳየኋትም። በአደባባይ መጻፌም ከንቀት የመጣ አይደለም። ከዚህ በፊት በእጄ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ ተመቻችተው ስለተኙ፣ ይህኛው ገብቶ እንዳይቀሰቅሳቸው ሰግቼ ነው።

ከወቀሳ ምስጋና ይቀድማል። ባለፈው የዕረፍት ሳምንት የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ከከተማ አውጥተው፣ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ስላሳደሩልን እናመሰግናለን። ካምፑ ልጆቹ በራሳቸው እንዲተማመኑ፣ ተፈጥሮን እንዲያውቁና “ከራሳቸው ጋር እንዲገናኙ” የታሰበ መሆኑን በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲያስረዱን ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። እኔ ከራሴ ጋር የተገናኘሁት የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ለልጅ ግን ዛፍ ሥር ይሻላታል ብዬ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድጄ የመኝታ ከረጢት ሰፋሁላት።

ልጅቷን ያስታውሷት እንደሆነ አላውቅም። ሰፈሩ “ነፋሴ” ይላታል። እናቷ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ በአደራ የሰጠችኝ፣ ዳቦ ስትላክ ሄደች ሳይባል መጣች የምትባል፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ አርፎ የማያውቅ ልጅ ነበረች። መምህሯ ባገኙኝ ቁጥር “እማማ፣ የዚህች ልጅ መቀመጫ እሾህ አለው እንዴ?” እያሉ ይወቅሱኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማና እቤት ስደርስ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

አሁን አቤቱታዬን በሥርዓት እንዳቀርብ እንደ ተማረ ሰው በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፦ በካምፑ የመጨረሻ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ እንዳይናገርና እንዳይንቀሳቀስ ታዘዘ። የካምፑ አሰልጣኝ ነፋሴን ከሁሉም ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ካስቀመጣት በኋላ “እስቲ አንቺን ደግሞ እናያለን” አላት። ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ወረደ። ሌሎቹ ልጆች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ትእዛዙን ጥሰው እየጮኹ ወደ ድንኳናቸው ሮጡ። አሰልጣኙም ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከፊታቸው ሮጠ። ሁሉም ሮጦ ካለቀ ፊሽካ ለማን ይነፋል? የልጅ ልጄ ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘችውን ልትፈጽም ቆርጣ ነበርና እዚያው ቀረች። ምሽት ላይ የደን ጠባቂው በውሻው ጩኸት ተመርቶ አገኛት። “ተነሺ የኔ ልጅ” ቢላት “ፊሽካው አልተነፋም” አለችው። አዝሎ ነው ያወረዳት። እሱ እስኪያመጣት ድረስም አንድ ልጅ መጉደሏን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እራት እየተበላ ነበር። ይህን የማውቀው ጠባቂው ራሱ ስለነገረኝ ነው፤ ልጅቷ እንዴት ሆነች ብሎ ቤቴ ድረስ የመጣ እሱ ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፦ በመዝጊያው ዝግጅት ላይ እርስዎ መድረክ ወጥተው “ዝናብ ያልበገራት፣ ጨለማ ያላስደነገጣት” ብለው የጽናት ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጠለቁላት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጆሮዬ የሰማው እጄ ካጨበጨበ በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር ልጅን ጫካ ረስቶ መሄድ የራሱ ስም አለው፤ በእርስዎ ዘንድ ጽናት መባሉን ስላወቅሁ በስተርጅና ሌላ ትምህርት ቀስሜያለሁ። አሁን ደግሞ ፎቶግራፏ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ “ካምፓችን ልጆችን ይለውጣል” የሚል ተጽፎበታል። አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም፣ አንብቤዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ልጅቷ በእርግጥ ተለውጣለች። ተቀመጪ ያሏት ቦታ ትቀመጣለች፣ ሂጂ እስኪሏትም አትነሳም። መምህሯ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ በዕረፍት ሰዓት እንኳ ከወንበሯ እንደማትንቀሳቀስ ነግረው፣ ምን አድርጌ እንዳረምኳት ጠየቁኝ። ምስጋናውን ለባለቤቱ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ባቄላ ጥጄ “እዚህ ቁጭ በይ፣ ክር ገዝቼ መጣሁ” ብያት ወጣሁ። ክር ሻጩ ዘግቶ ስለነበር ራቅ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ጭስ በበሩ ሥር ይወጣል። ድስቱ ከስሏል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። እሷ ያስቀመጥኳት በርጩማ ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ በጭስ እያነባ እየሳለች ተቀምጣለች። ጎትቼ ካወጣኋት በኋላ “ምነው ልጄ፣ እያየሽ?” ብላት “መጣሁ ብለሽኝ ነበር እኮ፣ እማዬ” አለችኝ። ቁጣ የለባትም፣ ፍርሃትም የለባትም። ክቡር ሆይ፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ዛሬ ድስት ነው፤ ነገ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ “ቁጭ በይ” የሚለው ቃል ከአፌ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅሁ ነው የምኖረው።

አራተኛ፦ ይህንኑ ላስረዳዎ ቢሮዎ ድረስ በተደጋጋሚ መጥቻለሁ። ጥበቃው “እዚህች አግዳሚ ላይ አረፍ ይበሉ፣ ይጠራሉ” ይለኛል፤ እኔም አረፍ እላለሁ። አንድ ቀን የመውጫው ደወል ተደውሎ፣ ልጆቹ ሄደው፣ ግቢው ተጠርጎ፣ የቢሮዎ መጋረጃም ተጋርዶ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ሲመጣ አየኝና “እማማ፣ እርስዎን ደግሞ ማን ረሳዎት?” ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ነገሩ በዘር ነው መሰለኝ።

አምስተኛ፦ በመጨረሻ ምክትልዎ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ፣ ቆመውም ቢሆን ሰምተውኛል። የጠየቅሁት ካሳ አይደለም። ይቅርታም አይደለም፤ ይቅርታ ለእናንተ ከባድ ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ። አሰልጣኙ ያንኑ ፊሽካ ይዞ አንድ ቀን ቤቴ ይምጣ፣ አንድ ጊዜ ይንፋላት፣ “በቃ፣ አልቋል፣ ተነሺ” ይበላት ነው ያልኩት። ምክትልዎ ጥቂት አሰቡና “እናቴ፣ ዛሬ ሄደን ከነፋን እኮ ያን ቀን አልነፋንም ማለት ይሆናል” አሉኝ። የተማረ ሰው መልስ ነውና መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው ሄድኩ። አሰልጣኙም ለመጪው ዓመት ካምፕ ኃላፊ ሆኖ መሾሙን በዚያው አበሰሩኝ። እንኳን ደስ ያለው።

እኔ የምችለውን ሞክሬያለሁ። ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ሳንባዋን አዳምጦ ደህና ናት፣ የቀረውን ጊዜ ይፈታዋል አለኝ። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ። “ሩጪ” ስላት ትሮጣለች፤ ግን ሩጪ ተብላ የምትሮጥ ልጅ ነፋሴ አይደለችም። እናቷ ስልክ ደውላ “ተሸለመች አሉ፣ እንዴት ናት ነፋሴ?” ስትለኝ “ደህና ናት፣ ተቀምጣለች” እላታለሁ። አልዋሸሁም። የምትሮጥ ልጅ በአደራ ተቀብዬ የምትቀመጥ ልጅ ልመልስላት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ ግን ቆጡ ላይ ምን እንደነበረ እንኳ የነገረን የለም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ብዙ ልጆችን የመለወጥ ከባድ ኃላፊነት እንዳለብዎ ስለምረዳ ጊዜዎን ከዚህ በላይ አልሻማም። ጉዳዬን ሰምተው ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉም አልቀየምዎትም፤ መቀየም አቅም ይጠይቃል፣ የእኔ አቅም ደግሞ ድስት በመፈግፈግ አልቋል። አሰልጣኙን ከላኩልኝ በሬ ክፍት ነው፤ ካልላኩትም ክፍት ነው፤ ከዚያ ጭስ ወዲህ መዝጋት ትቻለሁ።

የሱሪዎን ጫፍ የቀመቀምኩ፣ በጭብጨባው ከልቤ የተሳተፍኩ፣ ጥሪዎን ከአግዳሚው ላይ ሆኜ የምጠባበቅና ያለ ፈቃድዎ የማልነሳ፣ እጅግ አክባሪዎ፣

የባለሜዳሊያዋ አያት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ለካ እኔም መንፋት እችላለሁ ብዬ ከገበያ ፊሽካ ገዛሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆሜ በቀረችኝ ትንፋሽ ነፋሁት። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ፤ ባለሱቁም ምን መጣ ብሎ ወጣ። ነፋሴ ብቻ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ አዘን ባለ ዓይን አየችኝና “እማዬ፣ አንቺ እኮ አሰልጣኝ አይደለሽም” አለችኝ። ስለዚህ ፊሽካው ለእኔ አልሆነኝም። አዲስ ነው፣ ድምፁም ሩቅ ይሰማል፤ ለመጪው ካምፕ እንዲሆንዎ ለጥበቃው ሰጥቼልዎታለሁ። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ነፍቶ ከዚያ በኋላ መሮጥ እንደሚቻል ለአዲሱ ኃላፊ ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።