ባያን፣ ከኋላ በር የነገርኩት መርዶ

ለውዴ ለዘለቀ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ከናዝሬት አይደለም፤ ከኩዌት፣ አሕመዲ ከምትባለው የነዳጅ ሠራተኞች ከተማ፣ ከልጃችን ከሰላም ቤት ነው። አትደንግጥ፤ ደኅና ናት። ልጠይቃትም አይደለም የመጣሁት፤ ላገለግል ነው። አዎ፣ እኔ። «ጡረታ ስንወጣ ውጭ አገር ሄደን ጌታን እናገልግል» ባልከኝ ቁጥር ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ጉልበቴን ማን ያሽልኛል እያልኩ ሃያ ዓመት ያስቆምኩህ ሴትዮ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ በስድሳ አንድ ዓመቴ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከኩዌት ለእረፍት የመጣች እልፍነሽ የምትባል እህት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቆማ መሰከረች። ስብከት በስልክም እናገኛለን፣ አጠገባችን የምትቀመጥ ትልቅ ሴት ግን የለችንም፣ የሚመጣ ሰው ካለ ብላ ለመነች። እጄን አነሣሁ። ማንሣቴን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ቤት ስገባ በአንተ ተናደድኩ። ጥሪው የአንተ ነበር፤ ለእኔ ትተኸው ሄድክ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፣ ሰላምና ባሏ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ጨረሱልኝ፣ መጣሁ።

ቤታችን ውስጥ አንዲት አስተማሪ ከነእናቷ ትኖራለች። የዘይቱኑን ዛፍ እንዳትቆርጥ አስጠንቅቄያታለሁ። ካፖርትህን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እሱ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ልቤ ዘሎ ወደ በሩ እየሄደ አስቸገረኝና ምነው ባልሰጠሁት አልኩ። ሰላም ወንድ ልጅ ወልዳለች። ጆሮው ቁርጥ አንተን ነው፤ ምን ይደረግ።

አርብ አርብ የሕንዶችና የፊሊፒኖች ጉባኤ ተራ በተራ በሚጠቀሙበት አዳራሽ እንሰበሰባለን። የእኛዎቹ፣ የአገራችን ልጆች፣ በካፌ፣ በፀጉር ሳሎን፣ በየሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የማደርገው ሲያለቅሱ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። በዚህ ደስ ይለኝ ነበር። የምችለው ሥራ መስሎኝ ነበር።

ከእነርሱ አንዷ ታደለች ናት፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ባያን በሚባል የቪላ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ አርብ እንግዳ ስለሚበዛባት አታስወጣትም፤ ስለዚህ ታደለች የምትሰበሰበው ኩሽና ውስጥ ሆና በስልክ ነው። ስንዘምር የምታጥበው ሰሃን ድምፅ ይሰማናል። እኔን እማ ትለኛለች። እናቷ የኩላሊት ሕመምተኛ ስለነበሩ በየሳምንቱ እንጸልይላቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ ከሆሳዕና ደወለ። እናታቸው ዐርፈው ተቀብረዋል፤ ሁለት ቀናቸው ነው። «እማማ፣ በስልክ እንዳትሰማ አደራ። ሰው ሰብስበው እርስዎ ይንገሯት፤ እዚያ ብቻዋን ናት» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን እንደተሸከምኩ ሳላውቅ እሺ አልኩት።

ዘለቀዬ፣ አንተ ብትኖር ስልኩን ለአንተ አቀብልህ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው አንተ ነበርክ። ጎሕ ሲቀድ ነጠላህን አጣፍተህ ትወጣለህ፤ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላህ። ሰው ሳይሰበሰብ፣ የምትይዛት ሴት ከጎኗ ሳትቆም አፍህን አትከፍትም። ለወይዘሮ ብዙነሽ የልጃቸውን ሞት የነገርክ ዕለት ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ቤት ስንገባ ፈሪ ብዬ ቀለድኩብህ። ይቅር በለኝ። ያን ቀን ምን እንደያዝክ አላውቅም ነበር።

ወንድሟ በደወለበት ቀን ከሰዓት በኋላ የታደለች የድምፅ መልእክት መጣ። እናቴ ስልክ አታነሣም፣ ወንድሜ ተኝታለች ይለኛል፣ ሕመሙ ጠንቶባት ነው መሰለኝ፣ እማ ሦስት ቀን አብረን እንጹምላት ትላለች። ምን ልበላት? በስልክ እንዳልነግራት አደራ አለብኝ። አልጾምም ብላት ትጠረጥራለች። ደወልኩላትና አብሬያት ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እናቷን ከአልጋ አንሣልን አልኩ። ለተቀበሩ ሴት። እሷም አሜን አለች። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሕፃናትን አትዋሹ እያልኩ ያስተማርኩ ሴት በጸሎት ዋሸሁ። ለማን እንደዋሸሁ ሳስበው እስካሁን ለፊቴ መሸሸጊያ አጣለሁ።

እልፍነሽን ይዤ ማዳሟ ዘንድ ሄድኩ። እልፍነሽ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባል ሰፈር ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ ዐረብኛውን አቀላጥፋ ነው የምትናገረው። ሻዩን ይዛ የመጣችው ታደለች ራሷ ናት። የዕረፍት ቀን ልንለምንላት የመጣን መስሏት ሲኒውን ስታስቀምጥ እጄን ጫን አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። እሷ እስክትወጣ ጠብቀን ተናገርን። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አላህ ይማራት ብላ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የሞተችው ተቀብራለች፣ አሁን ብትሰማ ምን ይጠቅማታል፣ የልጄ ሠርግ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ እሱ ይለፍና በመኪናዬ ራሴ አመጣላችኋለሁ አለች። እንዲያ ከሆነ እንታገሥ ብለን ወጣን።

መታገሡ ግን አልተቻለም። ታደለች ጾሙን አልፈታችም። መልስ እስካገኝ እቀጥላለሁ አለች፤ ድምፅዋ በየቀኑ እየቀጠነ መጣ። በዚያ ላይ አንድ የዘመድ ልጅ የቀብሩን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ዛሬ ወይ ነገ ታየዋለች አለችኝ እልፍነሽ። ስለዚህ ቆሻሻ ለመጣል ወደ ኋላ በር በምትወጣበት ሰዓት፣ ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ እኔ፣ እልፍነሽና ሁለት የጉባኤያችን ልጆች አራት ሆነን ልንሄድ ተነጋገርን። የሥራ ቀን ነው። ሁለቱን ልጆች አሠሪዎቻቸው አልለቀቋቸውም። እልፍነሽ ደንበኛ ይዛ ቀረች። ብቻዬን ሄድኩ። መመለስ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ፣ አንተ ብትሆን ትመለስ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ተጨማሪ አሜኗን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

ጥቁር ፌስታል በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ማዳም ፈቀደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንተ የምትጀምርባቸውን ቃላት ሁሉ መንገድ ላይ ስደግማቸው ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ታደለችዬ፣ እናትሽ ዐርፈዋል አልኳት። በቃ። እንዲሁ።

አልጮኸችም። ቤት ውስጥ እንዳይሰማ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። አቀፍኳት። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። መቼ ነው አለችኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሆናቸው አልኳት። በጣቶቿ ቆጠረች። «ታዲያ ስንጾምላት ሞታ ነበር? አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እጄን ቀስ አድርጋ ከትከሻዋ አወረደችው። ከውስጥ ስሟን ጠሩ። ፊቷን ጠርጋ ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። ወንድሟ አለቀሰች ወይ፣ ማን አጠገቧ አለ እያለ ይደውላል። እልፍነሽ ለበጎ ነው ያደረግሽው ትለኛለች፤ አላጽናናኝም። ለዚህ ነው ወይ የተጠራሁት እያልኩ ጌታን እጠይቃለሁ። ምናልባት የተጠራኸው አንተ ብቻ ነበርክ፤ እኔ በስህተት በአንተ ቦታ መጥቼ ይሆናል።

መርዶ የነገርከውን ሰው ትተህ ሄደህ አታውቅም። ሦስት ቀን ለቅሶ ቤቱ ትቀመጥ ነበር፤ ምንም ሳትናገር። ታደለች ግን ሰው የሚቀመጥበት ለቅሶ ቤት የላትም። ስለዚህ በየቀኑ በዘጠኝ ተኩል ከአውቶቡስ ወርጄ ከኋላ በሩ ማዶ፣ ግድግዳው ጥላ በሚጥልበት በኩል እቆማለሁ። ትወጣለች፣ ትጥላለች፣ ሳታየኝ ትገባለች። ትናንት ግን ቆሻሻውን ከጣለች በኋላ አልገባችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ስሟን እስኪጠሩ ድረስ አለቀሰች። እኔም ማዶ ሆኜ አለቀስኩ። አልጠራችኝምና መንገዱን አልተሻገርኩም።

አንተን አልረሳህም ዘለቀዬ። ከእንግዲህ የማስታውስህ ግን እንዳለፈው ዓመት ፎቶህን አቅፌ አይደለም። ሰው ሐዘን ላይ ሲቀመጥ አንተ የምትቀመጥበትን ቦታ እይዝልሃለሁ። ነገም ባያን እሄዳለሁ። ሂጂልኝ ካለችኝ እሄድላታለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እዚያው ነኝ።

ባለቤትህ፣
አልማዝ