ሽማግሌ ተልኮ ስለተወሰደው የቲቶ ቻናል

ለተከበሩ የከተማችን ገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለምክትልዎም፣ ለስብሰባ አዳራሽዎ ድምፅ ማጉያም የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ፋንታሁን ሀንዲሶ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በኢንተርኔት በሀዲይኛ የኳስ ጌም እያስተላለፈ አርባ አንድ ሺህ ተከታይ ያፈራው የቲቶ አባት ነኝ። ስሙን ረስተውት እንደሆነ፣ አምና መድረክ ላይ ጋቢ አልብሰው አብረውት ፎቶ የተነሡት ልጅ ነው። ይህን የምጽፈው ላመሰግንዎ ነውና ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩. ልጄን ስላከበሩት አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ አላከበርሁትም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ፣ በጓደኛው በሆሴዕ ጌም ቤት ስልኩን አቁሞ ሲጮህ ሲውል፣ በዚያ ሳልፍ እንዳላየ ሆኜ አልፍ ነበር። ኋላ ግን ተመልካቾቹ የሚጽፉለትን አነበብሁ። አብዛኞቹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የሚውሉ፣ የእናታቸውን ቋንቋ ለመስማት የሚከፍቱት የእኛው ልጆች ነበሩ። አንድ የሾኔ ልጅ ከደርባን፣ አንተ እንኳ እዚያው ሁን፣ ወደዚህ መምጣት እንዳታስብ ብሎ ጽፎለታል። ቲቶም የስደቱን መንገድ ማሰብ ተወ። ያን ዓመት እኔና እናቱ እንቅልፍ አገኘን።

፪. ቻናሉን ለመጠየቅ ሽማግሌ ስለላኩብኝ አመሰግናለሁ። ለጋብቻና ለደም ዕርቅ ሽማግሌ ሲላክ አይቻለሁ፤ ለይለፍ ቃል ሲላክ ግን ቤቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አቶ ተክለጊዮርጊስና ሁለት ባልንጀሮቻቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ የሚጠይቁት ነገር ምን እንደሆነ ለእነርሱም በቅጡ ሳይገባቸው፣ ከተማው የልጅህን ነገር ለበጎ ሥራ ፈልጎታልና እንቢ አትበለን አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህን እርስዎ ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ላኩ። ቲቶ ወደ ጓዳ ጠርቶ፣ አባዬ ይህ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ሰው ፊት አታሳፍረኝ ብዬ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ያስጻፍሁት፣ በሁለት እጄም ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ከሚወቀሱት ሁለት ሰዎች አንዱ ብቻ እርስዎ ነዎት።

፫. በዚያው ሳምንት ለደህንነት ሲባል በሚል የይለፍ ቃሉን አስቀይረው ልጁን ከገዛ ሥራው ስላስወጡት፣ ኳስ ሊያይ የመጣውንም ሕዝብ የአራት ሰዓት የዕቅድ አፈጻጸም ውይይት ስላሳዩት አመሰግናለሁ። በየስብሰባው መክፈቻ የሰው ዘፈን ያለፈቃድ ስለተላለፈ፣ ቻናሉ ሊዘጋ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ መጣ። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ ወይዘሮ ሄለን ሦስቱንም አትመው፣ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ለእርስዎ እንዲመራ መዝገብ ቤት አስገቡ። ከወረቀቶቹ አንዱ እንኳ አልጠፋም። ቻናሉ ግን በሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ማግስት ከነቪዲዮዎቹ ተሰረዘ።

፬. ቲቶ አቤት ሊል አሥራ አንድ ቀን ደጅ ሲጠና፣ ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ በጨዋነት ስለተመለሰ አመሰግናለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ስም አዲስ ቻናል ስለሚከፍት በነጻ እንዲያስተዋውቅ ታዘዘ። ሰፈሩ አልማረውም፤ ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው እያለ በየመንገዱ ይቀልድበት ጀመር። መጀመሪያ ጌም ቤት መሄዱን ተወ፣ ቀጥሎ ከእኛ ጋር መብላቱን ተወ። ባለፈው ወር ዱራሜ አክስቴን ልጠይቅ ብሎ ወጣ። አክስቱ ዘንድ አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ከሞያሌ ደውሎ፣ አባዬ አትፈልጉኝ አለኝ። እናቱ ስልኩን ከእጄ እስክትቀበል ተቋረጠ።

፭. ለዚህ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ቦታውን ባዶ ትቼልዎታለሁ፤ እርስዎ በሚያውቁበት ይሙሉት።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ፣ ስብሰባዎ ሳይጓደል፣ ልጆችዎም አጠገብዎ ሆነው ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና የምሰናበትዎ፣

የማከብርዎና እስክሞት የማልረሳዎ
ፋንታሁን ሀንዲሶ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የቢሮዎ ተላላኪ ለቲቶ የተጻፈ የጥሪ ደብዳቤ አደረሰልኝ። በመጪው ሐሙስ ወጣቶች ከሕገወጥ ስደት እንዲታቀቡ በሚመክረው ጉባኤ ላይ፣ አገሩ ሠርቶ የተለወጠ አርአያ ሆኖ ልምዱን እንዲያካፍል ይጋብዘዋል። ተቀብዬ ፈርሜያለሁ። ከሞያሌ ማዶ የት እንዳለ ስለማናውቅ ግን፣ ካገኙት ጥሪውን ራስዎ ያድርሱለት፤ በሕይወት መኖሩንም ለእናቱ ይንገሩልን።