ያልታጠበችው ጥንቸል

ለውድ ወንድሜ ለኻሊድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ጋሼ! እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የጁባ ሙቀት በረድ አለልህ ወይስ እንደ አምናው ያንገበግብሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆትና ከአባዬ ባዶ ቦታ በቀር የጎደለን የለም።

ወሬ ልንገርህ። አባዬ ሸማ ተራ ሱቁ ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጣቸው ትንንሽ የጃፓን የእንስሳ ቅርጾች ትዝ ይሉሃል? ያ በየዓመቱ ጋቢ ሊገዛ የሚመጣው ጃፓናዊ አንድ አንድ እያለ የሰጠው? እነሱን አጥንተው የሚመዘግቡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ብሥራት የምትባል ልጅና ጓደኛዋ ሶሬሳ፣ ቤት እንምጣ አሉን። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቱ ይህን ሲሰሙ "አውራ ጣት ለማታህል ዝንጀሮ ዩኒቨርሲቲው ተነቅሎ ይመጣል እንዴ!" ብለው ሰፈሩን በሳቅ ጨረሱት።

እማዬን ታውቃት የለ? እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ግድግዳ ሳይቀር ታጥባለች። እኔ ሱቅ ውዬ ስመለስ ቅርጾቹን በሎሚና በአመድ ፈትጋ፣ እንደ ወተት አንጽታ፣ ሰፌድ ላይ አስጥታቸዋለች። "አባታችሁ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው" አለችኝ፣ ፊቷ እያበራ።

ልጆቹ መጥተው ሰፌዱን ሲያዩ ብሥራት አንዷን ኤሊ አንስታ በብርሃን እያገላበጠች አየቻት። ቀስ ብሎ ያስረዳን ሶሬሳ ነው። ኔትሱኬ ይባላሉ፤ ጃፓኖች ድሮ ከረጢታቸውን መቀነታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉባቸው ነበሩ። ከእንጨትና ከዝሆን ጥርስ ስለሚቀረጹ፣ ለዓመታት ሲዳሰሱ የሰው እጅ ወዝ ይጠጡና ይጠይማሉ፤ ውበታቸውም እሱ ነው አለን። እማዬ "ታዲያ ያ ቡናማው እድፍ አልነበረም?" ብትለው፣ "የባለቤትዎ እጅ ነበር እማማ" አላት።

ወንድም ጋሼ፣ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ገበያ ሲቀዘቅዝ አባዬ አንዷን በመዳፉ እያሻሸ እንዴት ይቀመጥ እንደነበር ታውቃለህ። "በገዛ እጄ አጥቤ ደፋሁት" እያለች ደረቷን መታች። ብሥራት ሥራዋን ትታ እጇን ይዛት ዋለች። በኋላ በየቅርጹ ስም ትይዩ "ታጥቧል" ብለው ጻፉ። ምን ያድርጉ?

ልጆቹ ሊጨርሱ በመጡበት ቀን ግን እማዬ የአባዬን ኮት ለሰደቃ ልታወጣ ኪሱን ስትፈትሽ ጥንቸሏን አገኘቻት! ያቺ አንተ በልጅነትህ ጆሮዋን ነክሰህ የሰበርካት። ጠይማ፣ ልስልስ ብላ፣ ውሃ ሳይነካት። ተማሪዎቹ ከሌሎቹ ጋር ትቀመጥ ብለው ለመኑ። እማዬ "ልጄ አባቱን አፈር አላለበሰም፤ እጁን እንኳ ይጨብጥ" ስትል ፎቶ አንስተው ለቀቋት። ወደ አንተ የሚመጣው ጀዋር ሹፌሩ ይዞልሃል።

ለባለቤትህ ለጠሂራ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አሚርን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ዱዓዋ አይለይህም፤ እትዬ ማሚቱም "መቼ ነው የምትመጣው?" ብለውሃል።

ጥንቸሏ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላለች። ጠሂራ ንጽሕና ወዳድ ናት፤ አደራህን፣ እንዳታጥባት።

እህትህ ሪሐና
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.