በበሩ በኩል ያለው ወንበር

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ከረመልሽ? የካሮቱ ማሳ ውሃ አገኘ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደሴ ያለው የጨርቅ ሱቄም እንደነገሩ ነው።

የላክሽብኝ ቃል ደሴ ድረስ መጥቶልኛል። ወንድሜ ሱሪውን ያውልቅና ቀሚሴን ይልበስ ብለሻል አሉ። ስድብሽን ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያልሽው ነው፤ እሱ ካልቻለ ልጄ ይመር አለልኝ ማለትሽ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ይመር ራሱ ያንብብልሽ።

የበኩርሽን ኢምራንን ገድሎ የታሰረው ዓብዱ ከእስር በወጣ ሰሞን ደሙን እንድመልስ የባልሽን ጩቤ በሻሽ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ እያደንኩት ነው እልሽ ነበር። አልዋሸሁሽም። ፋብሪካ ገብቶ እንደሚሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኢንተርኔት ቤት እንደማይጠፋ ደረስኩበት። ሰው እስኪበተን ልጠብቅ ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የምከፍተው ነገር ስላልነበረኝ እሱ የከፈተውን ከፈትኩ።

ትምህርት ነው የሚከታተለው። ባሕር ማዶ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለጎልማሶች በነጻ የሚሰጠው፣ ሥራ የማያስቀጥር፣ ደመወዝ የማይጨምር፣ ለደስታ ብቻ የሚማሩት። ርዕሱ ቁጣ ነው። አንዱን ሳምንት ከታሪክ፣ ሌላውን ከሥዕል፣ ሌላውን ከፍልስፍና እያመጡ ስለ ቁጣ ያስተምራሉ። ነፍሰ ገዳይ ስለ ቁጣ ሲማር! ሳቂ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን አስተማሪዋ አንድ ያረጀ ሥዕል ላይ የተጨበጠ እጅ ስታሳየን፣ ጩቤው ብብቴ ውስጥ እያለ፣ የራሴን እጅ አየሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወረድኩት ለእሱ ይሁን ለትምህርቱ እንጃ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ኢንተርኔቱ ሲዘጋ እንኳ ሁለታችንም መጥተን የጠፋ ስክሪን ፊት ተቀምጠናል።

አንድ ቅዳሜ ጥያቄው ስለ ራሳችሁ ቁጣ ተናገሩ የሚል ሆነ። ዓብዱ ወደ እኔ ዞረ። በውሃ ተራ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተጣልቶ በአካፋ እንደመታው ነገረኝ። የመጀመሪያውን የመታው ቁጣዬ ነው፣ ከወደቀ በኋላ የደገምኩት ግን እያወቅሁ ነው አለኝ።

እትዬ፣ ፍርድ ቤት ጠበቆቹ አንዴ ነው የመታው ብለው ተከራከሩ፤ አንቺም የምታውቂው ያንን ነው። የልጅሽን ገላ ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ። ጭንቅላቱ ሁለት ቦታ ተፈርክሶ ነበር። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ ነው፣ ጣቴ ገብቶበታል። እንዳትሞቺብኝ ደብቄሽ ኖርኩ።

ዓብዱን ከኢንተርኔት ቤቱ ጎትቼ አወጣሁት። ቦርከና ወንዝ ዳር አፉን በቡጢ አፈረስኩት፤ ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። ደረቱ ላይ ተቀምጬ ጩቤውን አንገቱ ላይ ጫንኩት። ቆዳው ተሰንጥቆ ደሙ በእጅጌዬ ገባ። እጁን አላነሳም። ከመጀመሪያው ቀን አውቄሃለሁ፣ ዓይንህ የልጁ ነው፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ የከረምኩት እንዲመችህ ነው አለኝ። ቀጥሎ ያለው እስካሁን ያናድደኛል፤ ትምህርቱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ ብትታገሰኝ አለ።

ሳቅ አመለጠኝ። ደረቱ ላይ እንደተቀመጥኩ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ለኢምራን እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ይቅር አላልኩትም። ወላሂ ሳየው አሁንም እጄን ይበላኛል። ግን ትምህርቱ ባለፈው ቅዳሜ አለቀ፣ እሱም በሕይወት አለ። ሌላ ጀምረናል፤ ስለ ሐዘን ነው፣ ረጅም ነው።

የባልሽን ጩቤ ቦርከና ወስዶታል፤ ተቆጪኝ። አበጋሮቹ የደም እርቅ ሊያወርዱ ደጅሽ ሲመጡ ግን በር አትዝጊባቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፤ ብብትሽ ውስጥ የቀረው ይመር ብቻ ነው።

ይመር፣ አንተም ስማ። ሌላ ጩቤ ይዘህ ብትመጣ ኢንተርኔት ቤቱን አታጣውም። ዓብዱ የሚቀመጠው በግድግዳው በኩል ነው። ወንበር ተቀያይረናል። በበሩ በኩል ጀርባውን ሰጥቶ የምታገኘው አጎትህን ነው።

እትዬ፣ አላህ ልብሽን ያራራው፣ የቀረልሽን ያኑርልሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ