ጥፋቱ የላስቲኩ አልነበረም

አያ ቧንቧ፣

እስክትመጣ ልጠብቅህ ብዬ ነበር፤ መኪናው ቀድሞህ መጣ። ለሦስት ወር ሥራ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። ቁልፉን ጎረቤት ትቼልሃለሁ።

ኳስ የምንተኩስበት የአየር መድፋችን አልጋዬ ሥር ነው። አየሩን አስተንፍሼዋለሁ። ደግመህ ስትሞላው ግን መለኪያውን አትመን፣ ሞልቶም ዜሮ ይላል።

ትናንት አየሩን የሚዘጋውን ቫልቭ ፈታሁት።
አየር ያስወጣ የነበረው አንተ የቆረጥከው ላስቲክ አይደለም። ባሕር ማዶ ድረስ ሄጄ በተማርኩት ስሌት የበሳሁት ቀዳዳ ሰፍቶ ነው።

ያን እሁድ መድፉ አልተኩስ ሲል፣ ጓደኞችህ ፊት "ከቧንቧ ሠራተኛ ቫልቭ ምን ይጠበቃል?" አልኩህ። "እሺ ምሁሩ" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤት ትጠፋለህ።

ቀዳዳውን አጥብቤ፣ ያንተኑ ላስቲክ መልሼ፣ ብቻዬን ጓሮ ወጥቼ ተኮስኩ። ኳሷ የጎረቤትን ጣሪያ አልፋ ሄደች! "አየህልኝ?" ብዬ ዞር አልኩ።
የተሰጣው ሸሚዝህ ብቻ ነበር።

ጓደኞችህን ፊት ለፊት ልነግራቸው አፍሬ ሁለት ጊዜ ከበራቸው ተመልሻለሁ።
ይቺን ወረቀት አሳያቸው።